አንድ ጉርሻ፣ አንድ ቁልፍ

ልጅ አልበላም ሲል መርካቶ በሙሉ ሐኪም ይሆናል። ጎረቤት ነጋዴው፣ ደላላው፣ ዕቃ የሚያወርደው ተሸካሚ፣ ክር ልትገዛ የገባችው ደንበኛ፣ መድኃኒት የማያውቅ የለም። አንዷ «ማር አልሷት» ትላለች፣ ሌላው «አብሽ አጠጧት» ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ «ተዋት፣ ሲርባት ትበላለች» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ሁሉንም ሰምቻለሁ፣ አብዛኛውንም ሞክሬያለሁ። አሁን ይህን የምጽፈው እኔም በተራዬ መካሪ መሆን አምሮኝ አይደለም። «አልፈልግም» የሚል ልጅና «አልችልም» የሚል ልጅ ፊታቸው አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ እስኪገባኝ ድረስ ልጄ ዓይኔ እያየ ልታልቅብኝ ነበርና፣ ሌላው አባት ከእኔ ቀድሞ ይግባው ብዬ ነው።

ከድር እባላለሁ። ሥራዬ የልብስ ስፌት ዕቃ መሸጥ ነው፤ ክር፣ ዚፕ፣ ላስቲክ፣ ገበር፣ ከሁሉም በላይ ቁልፍ። የሸሚዝ፣ የኮት፣ የሹራብ፣ የሕፃን ልብስ፣ ዓይነቱ አያልቅም። ራስን ማመስገን ነውር ነው እንጂ አፍ አለኝ። «ዋጋ ልጠይቅ ብቻ ነው» ብሎ የገባ ልብስ ሰፊ ከእኔ ሱቅ ባዶ እጁን አይወጣም። ይህ ሁሉ አፍ ግን ለገዛ ልጄ አንዲት ጉርሻ መሸጥ አቃተው።

ሀያት የመጀመሪያ ልጃችን ናት። ጡት ከተወች ጀምሮ መራጭ ነበረች። እንጀራው ወጥ ከነካው አትበላም። ማኮሮኒ ትወዳለች፣ ስጎ ከፈሰሰበት ግን ሳህኑን ዞር ብላም አታየውም። ሳምቡሳ ሲሰጣት ምስሩን አራግፋ ቅርፊቱን ትበላለች። ከሁሉ አስበልጣ የምትወደው የዳቦ ጠርዝ ነበር፤ ጠንከር ያለውን፣ ሲታኘክ ድምፅ የሚሰጠውን። ባለቤቴ ሙኒራ አንድ ለቤቱ፣ አንድ ለሀያት እያለች ስትሠራ ይመሽባታል። እናቴ ከገጠር በመጣች ቁጥር «በእኛ ጊዜ ልጅ ይመርጥ ነበር እንዴ?» ትላለች። እኔም ሰው ምን ይለኛል እያልኩ እሸማቀቅ ነበር። ሱቁ ሙሉ ዕቃ፣ የልጁ ክንድ ግን የክር እንጨት። ይሉኛል ብዬ ነው እንጂ ያለኝ ሰው እንኳ አልነበረም።

ያን ጊዜ ሞባይል ጥቂት ነጋዴዎች ወገባቸው ላይ ሰክተው የሚዞሩበት ዘመን ነው። ምሳ የምንበላው ሱቅ ውስጥ ነበር። ሙኒራ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ካለው ቤታችን ምሳ ዕቃ በአንድ እጇ፣ ሀያትን በሌላው ይዛ ትመጣለች። ከባንኮኒው ጀርባ ትሪ ዘርግተን እንቀመጣለን። ሀያት አምስት ዓመት ሊሞላት ነው።

«ሁለት ጉርሻ ብቻ» አልኳት አንድ ቀን።

«ምንም» አለች።

«እሺ፣ አንድ።»

«ምንም።»

«ግማሽ ጉርሻስ?»

«ግማሽ ጉርሻ የለም፣ አባ።»

ከዚያ ዓይኗን ወደ መደርደሪያው ጣል አደረገችና «ያንን ቢጫውን ከሰጠኸኝ እበላለሁ» አለችኝ። የሴት ካፖርት ቁልፍ ነው፤ ፕላስቲክ፣ ቢጫ፣ አራት ቀዳዳ ያለው። አውርጄ ሰጠኋት። ምስር የነካው እንጀራ ጎርሳ፣ ፊቷን አጨማዳ፣ ዋጠች። ወላሂ፣ የዚያን ቀን የተደሰትኩትን ያህል ሙሉ መጋዘን ሸጬ አልተደሰትኩም።

ከዚያ ወዲያ ሕግ ሆነ። አንድ ጉርሻ፣ አንድ ቁልፍ። እሷ ቁልፎቹን በክር ሰክታ አንገቷ ላይ ታስራለች፣ የተረፈውን በወተት ጣሳ ታጠራቅማለች። ቢጫውን ግን ለብቻ ትይዘዋለች፤ ከእጇ አይለይም። አጠገባችን ነጠላና ጋቢ የሚሸጡት እትዬ ውድነሽ፣ የጎጃም ሴት ናቸው፣ በር ላይ ቆመው «ከድር፣ ልጅህንም በንግድ ያዝካት?» እያሉ ይስቁብኛል። ሳቁብኝ፤ ልጄ እየበላች እስከሆነ ድረስ ማን ግድ አለው። ሙኒራ ብቻ አልወደደችውም። «ሲርባት ሳይሆን ቁልፍ ሲያምራት ነው የምትበላው» አለችኝ። እኔ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ኋላ ይመጣል። ከሱቃችን ፊት ለፊት በረንዳው ላይ የስፌት መኪና ዘርግተው የሚሠሩ ልብስ ሰፊዎች አሉ። ልብስ ሰፊ እጁ ሥራ ላይ ሲሆን ቁልፉን በከንፈሩ ነው የሚይዘው። መርፌም እንዲሁ፣ የክር ጫፍም እንዲሁ። ለእኛ ዓይን ይህ ምንም አይደለም፤ ከተወለድን ጀምሮ ያየነው ነው። ሀያትም ከነሱ ሥር ቁጭ ብላ ትውላለች። እሷም ክር ስትሰካ ቁልፏን በከንፈሯ ትይዝ ነበር፣ አንዳንዴም ወደ ጉንጯ ታስገባዋለች። ስናያት ደስ ትለናለች። «ይቺ ትልቅ ሰፊ ትሆናለች» ይሏታል ሰፊዎቹ።

እናቴ የመጣችው ያን ሰሞን ነው። ከስልጤ፣ ቆጮና ቅቤ ተሸክማ። እናቴ ፍቅሯን በአፏ አትናገርም፣ በእጇ ነው የምትናገረው። የእሷ ጉርሻ እጅ ሙሉ ነው፤ ተቀባዩ አፉን ለመዝጋት ይቸገራል። ምሳ ላይ ቆጮውን በጎመን ጠቅልላ «ነይ የኔ እመቤት» አለችና ሀያት ከክሯ ቀና ስትል አጎረሰቻት። ሀያት ዓይኗ ፈጠጠ። እጇን ወደ አፏ ሰደደች፣ መልሳ አወረደችው። አንዴ አቅለሸለሻት፣ አሳላት፣ ሙኒራ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት፣ ውኃ ሰጠናት። ከዚያ ዋጠችው። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እናቴ «ይኸው ወረደልሽ አይደል!» ብላ ግንባሯን ሳመቻት። እኔም ደስ ብሎኝ ለዚያ ጉርሻ ሁለት ቁልፍ ሰጠኋት። ሁለቱንም ትሪው ላይ ትታቸው ተነሣች። ማታ ቢጫዋ የለችም ብላ ስታለቅስ ሌላ ቢጫ አምጥቼ ሰጠኋት።

በማግስቱ የዳቦ ጠርዝ እምቢ አለች።

ይህቺን ነገር ልብ በሉልኝ። መራጭ ልጅ የማይወደውን ነው እምቢ የሚለው። የሚወደውን እምቢ ያለ ዕለት ነገሩ ሌላ ነው። እኛ ግን ያየነው መራጭነቷ ሲብስ ነው። «አሁን ደግሞ ዳቦም ጀመራት» አልን። ሀያት ዳቦውን ነክሳ፣ አኝካ አኝካ፣ መልሳ በእጇ ላይ ታወጣዋለች። «ለምን ተፋሽው?» ስትባል «አይወርድም» ትላለች። ቁልፍ ባሳያት «አይወርድም»። ብቆጣት «አይወርድም»። እኔ ደግሞ ዋጋ እያስወደደችብኝ መሰለኝ። ሁለት ቁልፍ፣ አምስት ቁልፍ፣ ሙሉ ጣሳ አልኳት። ጣሳውን አይታ አለቀሰች።

ሻይ ትጠጣለች፣ ወተት ትጠጣለች፣ የሾርባ ውኃ ትጠጣለች። ስለዚህ ማንም አልደነገጠም። ምራቋ ይዝረበረብ ጀመር፣ እንደ ጥርስ አውጪ ሕፃን። ሙኒራ አንገቷ ላይ ጨርቅ አሰረችላት። ከዚያ ሳል መጣ።

ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ያለ ክሊኒክ ወሰድናት። ሐኪሙ አፏን በማንኪያ ከፍቶ በባትሪ አየና «ቶንሲል ነው» አለ። የሚጠጣ መድኃኒትና የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ሽሮፕ ሰጠን። ሽሮፑን ጠጣች፤ ፍላጎቷ ተከፍቶ ይሆናል፣ ጉሮሮዋ ግን አልተከፈተም። ሌላ ክሊኒክ ሄድን፤ «የሆድ ትላትል ነው» ተባልን፣ መድኃኒት ጠጣች። ትኩሳት ሲጀምራት ሦስተኛ ቦታ ሄድን። እዚያ ደረቷን ራጅ አነሷትና የሳንባ ምች ነው ብለው መርፌ አዘዙ። በመርፌው ትኩሳቱ ወረደ፣ እኛም ተገላገልን አልን። «ራጁ ላይ ሌላ ነገር የለም?» ብዬ ጠየቅሁ። «ሌላ ምንም የለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ራጁ ላይ ሌላ ምንም አልነበረም።

ከሐኪም ሐኪም መዞር ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። አግዳሚ ወንበር፣ የሚያለቅስ ሕፃን፣ ስም የምትጠራ ሴት። ስምህ ሳይጠራ ሲቀር ትናደዳለህ፣ ሲጠራ ደግሞ መነሣት ትፈራለህ። በየቦታው የሚጠየቀው እኔና ሙኒራ ነን። «ትበላለች?» «አትበላም።» «ድሮስ?» «ድሮም መራጭ ናት።» ይህቺን እንዳልናት ሐኪሙ ብዕሩን ያነሣል። በገዛ አፋችን ነበር በሩን የምንዘጋባት።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሰላም ጠፋ። እናቴ የሰው ዓይን ነው አለች። አንድ ሼህ ዘንድ ሄድን፣ ቁርአን ቀሩላት፣ ውኃ ሰጧት። ደግ ሰው ነበሩ፤ ስንወጣ እኔን ለብቻዬ ጠርተው «ልጄ፣ ዱዓው ይቀጥላል፣ አንተ ግን ትልቅ ሐኪም ቤት ውሰዳት» አሉኝ። እናቴ በዚህ አልረካችም። እንጥሏ ወርዶ ነው፣ አውቶቡስ ተራ ጋ እንጥል የሚቆርጥ አዋቂ አለ አለች። ሙኒራ ልጇን ታቅፋ በሩ ላይ ቆመች። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ለእናቴ አንድ ቃል መልሳ የማታውቅ ሴት «እኔ ቆሜ ልጄ ላይ ምላጭ አያርፍም፣ እማማ» አለቻት። እኔ መሃል ቆሜ ወደ ማን እንደምዞር አላውቅም።

«አንቺ ነሽ ያቀበጥሻት» አልኳት ሙኒራን በኋላ። ከየት እንደወጣ አላውቅም።

«አንተ ነህ መብላትን በቁልፍ የሸጥክላት» አለችኝ። ሀያት ፍራሹ ላይ ተኝታ በተከፈተ አፏ ስትተነፍስ ይሰማል። ሌሊት ሌሊት የምሰማው ይህንን ትንፋሽ ነበር። ሳል ይዟት ትንፋሿ ትንሽ ከተቋረጠ እጄን ደረቷ ላይ አደርጋለሁ።

ቀጥሎ ያደረግነውን ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ ለዚህ ነው የምጽፈው። ልጅ እምቢ ሲል አፍንጫውን ይዘው ያጠጡታል፤ ትንፋሽ ሲያጥረው አፉን ይከፍታል። እኛም እንዲሁ አደግን። እናቴ አጥሚቱን ወፈር አድርጋ ሠራች፣ እኔ ሁለት እጇን ያዝኩ፣ እናቴ አፍንጫዋን ይዛ በእፍኟ ጨመረችላት። የሀያት እጆች በእጄ ውስጥ ምን ያህል ቀጭን እንደነበሩ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። አጥሚቱ አልወረደም። በአፍንጫዋ ተመልሶ ወጣ፣ ትን አላት፣ ከንፈሯ ጠቆረ። ሙኒራ ከእጃችን ነጥቃ በሆዷ አዘቅዝቃ ያዘቻት። መተንፈስ ስትጀምር ሦስታችንም መሬት ላይ ተቀምጠን ነበር። እናቴ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ግድግዳውን ታያለች። ማንም ማንንም አልወቀሰም። ልጄ ታልቃለች የሚለው ሐሳብ የዚያን ቀን ገባኝ፤ ከዚያ በፊት ትከሳለች ነበር የምለው።

በማግስቱ ሳይነጋ ወደ ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል ሄድን። ወረፋው ከእኛ በፊት የመጡ ሰዎች አጥሩን ተደግፈው የሚያድሩበት ነው። ካርድ አውጥተን፣ ወረፋ ይዘን፣ ሀያትን ጭኔ ላይ አስተኛኋት። ስታዘል ክብደት የላትም፤ የጋቢ ያህል ናት። አጠገቤ የተቀመጠች የገጠር ሴት የራሷ ልጅ ታሞባታል፤ ግን የሀያትን ምራቅ ታየውና በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግላታለች። ሳትጠየቅ፣ ምንም ሳትል። ስሟን አልጠየቅኋትም።

የገባንበት ክፍል ውስጥ ያለችው ሐኪም ወጣት ናት፣ ሴት። እውነቱን ልናገርና ሳያት ልቤ ቀዝቅዞ ነበር፤ ሸምገል ያለ ሐኪም ነበር የፈለግሁት። እኔም እንደለመድኩት «ዶክተር፣ ልጄ አትበላም፣ ድሮም መራጭ ናት...» ብዬ ጀመርኩ። ዶክተሯ እጇን ከፍ አድርጋ አስቆመችኝ። ወንበሯን ስባ ከሀያት ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ሀያት፣ ምግብ ስትበዪ ምን ይሆናል?»

«አይወርድም» አለች ሀያት።

«የት ደርሶ ነው የሚቆመው? በጣትሽ አሳዪኝ።»

ሀያት ጣቷን አነሣችና ከጉሮሮዋ ዝቅ ብሎ፣ ደረቷ የሚጀምርበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ አስቀመጠች። «እዚህ» አለች። «ከዚያ ይመለሳል።»

ዶክተሯ ወደ እኛ ዞረች። ቁጣ የለባትም። «አይወርድም ብላችሁ ታውቃለች?»

በየቀኑ ብላናለች።

ሌላ ራጅ ታዘዘ። ይኼኛው ኖራ የመሰለ ነጭ ፈሳሽ እየጠጣች የሚነሣ ነው። ፈሳሹ ራጅ ላይ ስለሚታይ፣ ምግብ ከአፍ ወደ ሆድ የሚወርድበት ቧንቧ የት ላይ እንደጠበበ ያሳያል። ሀያት ጣዕሙን ጠላችው፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ግን ጠጣች። ዶክተሯ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ አሳየችን። ነጩ መስመር ከላይ ይወርድና ሀያት ጣቷን ያስቀመጠችበት ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ በአንድ ጎን ቀጭን ክር ሆኖ ያልፋል።

«እዚህ ላይ የተቀረቀረ ነገር አለ» አለች። «ብረት ወይም ሳንቲም ቢሆን ኖሮ በፊተኛው ራጅ ይታይ ነበር። ፕላስቲክ ግን አይታይም። ቤታችሁ ውስጥ ልጅ የሚውጠው ትንንሽ ነገር አለ?»

ምን ልበላት። ከትንንሽ ነገር በቀር ቤታችን ውስጥ ምን አለ። ሙኒራ አየችኝ። ወቀሳ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር፤ ፊቷ ላይ ግን ፍርሃት ብቻ ነው ያለው። «ቁልፍ» አልኩ። «ቁልፍ ነጋዴ ነኝ።»

በማደንዘዣ አስተኝተው፣ በአፏ በኩል መብራት ያለው ቱቦ አስገብተው እንደሚያወጡት ነገረችን። ረጅም ጊዜ ስለቆየ ሥጋው ውስጥ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል፤ ሲወጣ ቧንቧው ሊቀደድ ይችላል፤ ከተቀደደ ደግሞ አደገኛ ነው። ካልወጣም ደግሞ እንዲሁ ማለቋ ነው። ይህንን ሁሉ ዝግ ብላ ነገረችንና አስፈረመችኝ። በሕይወቴ ስንት ውል ፈርሜያለሁ፤ ሁሉንም ተከራክሬ ነው የፈረምኩት። ይኼኛውን የምከራከርበት ምንም ነገር አልነበረኝም። ዋጋው ስንት ነው፣ ትንሽ ቀንሱልኝ አይባል። ፈረምኩ።

ሀያትን ሲወስዷት ጣሳዋን ይዛ ልትገባ ፈለገች። ነርሷ አይቻልም ስትላት ለእኔ ሰጠችኝና «እንዳትሸጥብኝ» አለችኝ።

በሩ ላይ ቆየን። እትዬ ውድነሽ ከየት እንደሰሙ እንጃ፣ በገበያ ቀን ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። ሙኒራ አጠገብ ተቀመጡ። ሙኒራ የሙስበሐዋን ፍሬ ትቆጥራለች፣ እሳቸው በልባቸው እመቤቴን ይለምናሉ። እናቴ በአገርኛዋ ታጉተመትማለች። እኔ ጣሳውን ይዤ እንጎራደዳለሁ፣ በተራመድኩ ቁጥር ቁልፎቹ ይንኮሻኮሻሉ። እትዬ ውድነሽ «ከድር፣ ያንን ነገር አስቀምጠው» አሉኝ። ማስቀመጥ ፈራሁ። ለምን እንደፈራሁ አትጠይቁኝ።

በሩ ሲከፈት ያወጣላት ሐኪም ጭምብሉን ወደ አገጩ አውርዶ «ደህና ናት» አለ። መጀመሪያ እሷን ማለቱ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ደም በነካው ፋሻ ላይ አድርጎ አሳየን። ቢጫነቱ ሄዷል፣ አንደኛው ዳር ቡናማ ሆኗል። አራት ቀዳዳ። የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደነበረ፣ ከየትኛው ካርቶን እንደወጣ አውቀዋለሁ። ግድግዳውን ይዤ ቁጭ አልኩ።

አሁን «ዳነች» ብዬ ልጨርስ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው ብዙ ሰው የማይነግራችሁ። ቧንቧው እስኪሽር በአፍንጫዋ በገባ ቀጭን ቱቦ ወተትና ሾርባ ይሰጧት ነበር። ቱቦው ወጣ፣ ቤት ገባን። በሩ ተከፍቷል፤ ሀያት ግን አትገባበትም። ለስላሳ ምግብ ሲቀርብላት ከንፈሯን ትነክሳለች። የእናቴ እጅ ወደ ትሪው በተዘረጋ ቁጥር ሀያት ወደ ሙኒራ ጀርባ ትሸሻለች። ሳህን ሲንኳኳ ስትሰማ የምታለቅስበት ቀን ነበር።

ለክትትል ስንሄድ ዶክተሯን ለመንኳት። «ምን እናድርግ?» አልኳት።

«ምንም» አለችኝ። «ምግቡን አስቀምጡ፣ አጠገቧ ተቀምጣችሁ እናንተ ብሉ። አታጉርሷት። አትለምኗት። ሽልማት አትስጧት። ብትበላም ባትበላም ስለ ሌላ ነገር አውሩ። በእጇ ራሷ ታንሣ።»

ምንም አታድርጉ የሚል መድኃኒት ያስደነግጣል። ሲያጎርስ የኖረው እጅ ምን ይሁን? እኛ ፍቅርን የምናውቀው በጉርሻ ነው። የተጣላ የሚታረቀው በጉርሻ፣ እንግዳ የሚከበረው በጉርሻ፣ ሙሽራ አቀባበል የሚደረግላት በጉርሻ። አሁን ልጄ ፊቴ ሦስት የማኮሮኒ ፍሬ ስትነካካ እኔ ስለ ዝናብ እንዳወራ ታዘዝኩ። አወራሁ። በዚያ ክረምት ስለ ዝናብ ያወራሁትን ያህል አንድ ገበሬ አያወራም።

እናቴን አታጉርሺ ብሎ ማንም አልነገራትም። ግን ትሪው ሲቀርብ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ትከታለች። ሀያት ራቅ ስትል ብቻ አውጥታ ትበላለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሀያት ሱቅ ውስጥ አሻንጉሊቷን እያጫወተች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ እንዲህ አለችኝ፤ «እንደ ሰፊዎቹ በጉንጬ ይዤው ነበር። አያቴ አጎረሰችኝ። ላወጣው ነበር፤ ግን ጉርሻ መትፋት ነውር ነው ብላችሁኛል።»

ብለናታል። እኔም ብያታለሁ፣ ሙኒራም ብላታለች፤ የወግ ልጅ እንድትሆንልን። ተነሥቼ በረንዳው ላይ ወጣሁ። ሰፊዎቹ ቁልፍ በከንፈራቸው ይዘው ይሠራሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ቁልፍ የሚገዛ ሰፊ ሁሉ ሁለት ሦስት ቁልፍ ሳልመርቅለት አይሄድም፤ ከምርቃቱ ጋር ግን «ልጆች ባሉበት በአፍህ አትያዝ» የሚል ጭቅጭቄንም ይቀበላል። ይስቁብኛል። ይሳቁ።

መብላቷ ቀስ እያለ መጣ። መጀመሪያ ሻይ ውስጥ የራሰ ብስኩት። ከዚያ ማኮሮኒ፣ ያለ ስጎ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሙኒራ ሻይ ስትቀዳ ከኋላዋ ድምፅ ሰማች። ዞር ስትል ሀያት የዳቦ ጠርዝ ይዛ ታኝካለች። ሙኒራ ሻዩ ከብርጭቆው ተርፎ እስኪፈስ አየቻት እንጂ አልጠየቀቻትም፣ አልነካቻትም፤ ወደ ሱቅ መጥታ ለእኔ ስትነግረኝ ነው ያለቀሰችው።

እኔም ልጄ ሙሉ በሙሉ መዳኗን ያወቅሁበት ቀን ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ነው። ምሳ ሰዓት ሱቅ ውስጥ ትሪው ቀርቧል። እትዬ ውድነሽም ከእኛ ጋር ተቀምጠዋል። ሙኒራ ድንችና ካሮት አልጫ ሠርታለች። ሀያት ድንቹን በላች፣ ደገመች። ከዚያ ካሮቱን በሁለት ጣቷ አነሣችና አሸተተችው፣ ወደ ትሪው ዳር ገፋችው።

የሙኒራ እጅ አየር ላይ ቀረ። እኔ ስለ ዝናብ ላወራ አፌን ከፈትኩ።

ሀያት ፊታችንን አየችና ግራ ገባት። «ይወርዳል እኮ» አለች። «ይወርዳል፣ ግን አልወድም።»

ሙኒራ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። እትዬ ውድነሽ «እሰይ፣ አትውደጂው የኔ ልጅ» አሉ። እጄ ውስጥ ሳላውቀው የጠቀለልኩት ጉርሻ ነበር፤ ለእሷ ነው የጠቀለልኩት። ትንሽ ያዝኩት፣ ከዚያ ራሴ ጎረስኩት።